የዘር ድንች ለማሳ እንጂ ለድስት አይደለም!

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ቁጣዬ የሚጀምረው ደግሞ ከራሴና ከባልደረቦቼ ነው።

እኛ የግብርና ባለሙያዎች ለዓመታት ምን ስንላችሁ ኖርን? «የዘር ድንችን ብርሃን በሚያስገባ ማከማቻ፣ መደርደሪያ ላይ ዘርጉት። አረንጓዴ ሆኖ አጫጭርና ጠንካራ ጎንቁል ሲያወጣ ለተከላ ደርሷል።» ምክሩ ልክ ነው። ጥፋታችን «ይሄ ድንች ከእንግዲህ አይበላም!» ብለን ጮክ ብለን አለመናገራችን ነው። ታዲያ ከተከላ የተረፈው ወይ ድስት ይገባል ወይ ገበያ ይወጣል።

«ኬሚካል ያልነካው የጓሮ ድንች ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። መርዙን የሚሠራው ድንቹ ራሱ ነዋ! ሶላኒንና ቻኮኒን ይባላሉ፤ ተባይ የሚከላከልባቸው ናቸው። ብርሃን ሲያገኘው ይበዛሉ፤ በተለይ ልጣጩ፣ ዓይኑና ጎንቁሉ ላይ። አረንጓዴው ቀለም ራሱ መርዝ አይደለም፤ ድንቹን ብርሃን እንዳገኘው የሚነግራችሁ ምልክት ነው።

«ቀቅዬዋለሁ እኮ» ማለትም አያዋጣም። መቀቀል አያጠፋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ፣ ከእረፍት በፊት የተረፈ ድንች ተቀቅሎ ለተማሪዎች ምሳ ቀረበ። 78 ልጆች ታመሙ፤ 17ቱ ሆስፒታል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ዳኑ። እኛ ቤት ግን ልጅ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው «ሆዱን ብርድ መታው» ብለን እናልፋለን። ድንቹን ማን ይጠረጥራል?

«በዚህ ኑሮ ድንች ይጣላል እንዴ?» ካላችሁ እውነታችሁን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንዳይበላሽ አድርጉ፦

• ማሳ ላይ አፈር በደንብ አስታቅፉ፤ ድንቹ ከአፈር በላይ ብቅ አይበል።
• የተቆፈረውን የምግብ ድንች ፀሐይ ላይ አታቆዩ። ጨለማ፣ ቀዝቃዛና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ አስቀምጡ። ጉሊት የምትሸጡም ጥላ አብጁለት።
• አረንጓዴው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ልጣጩን ወፈር አድርጋችሁ ላጡ፤ ዓይኑንና ጎንቁሉን ቆርጣችሁ አውጡ።
• አረንጓዴው ከበዛ ወይም ሲቀመስ ከመረረ ጣሉት። ለከብትም አትስጡ።
• የተረፈ የዘር ድንች ካላችሁ ለሚተክል ጎረቤት ስጡ ወይም ሽጡ። «ለዘር ነው» ብላችሁ ንገሩት።

አረንጓዴውን ድንች እያወቀ ለምግብ የሚሸጥ ሰው «ገዢው አይቶ ይምረጥ» ብሎ ማምለጥ የለበትም። የሚበላው ልጅ አልመረጠም።