አድራሻ ቢለወጥ ዕዳ ይሠረዛልን?

አንድ ኩባንያ «አገሬ» ሊል የሚገባው የትኛውን ነው? ያደገበትን ነው ወይስ ግብር የሚያንስበትን? ይህ ጥያቄ የነጋዴዎችና የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ቢሆንም የሚከተለውን ታሪክ አንብባችሁ ፍረዱ።

ሜድትሮኒክ የተባለው የሕክምና መሣሪያዎች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ተመሠረተ። ዝናው የገነነው ሕመምተኛው ይዞት ሊንቀሳቀስ የሚችል፣ በባትሪ የሚሠራ የልብ ምት መቆጣጠሪያ በመሥራቱ ነው። በ1957 ይህ መሣሪያ እንዲሠራ የጠየቀው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም የሕዝብ ነው። ስለዚህ በኩባንያው ዕድገት ግብር ከፋዩ ሕዝብ ድርሻ ነበረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2015 ግን ሜድትሮኒክ ኮቪዲየን የተባለውን ድርጅት 50 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዝቶ፣ ሕጋዊ መቀመጫውን ወደ አየርላንድ አዛወረ። በዚያን ጊዜ በኩባንያ ትርፍ ላይ የሚጣለው ግብር በአሜሪካ 35 በመቶ፣ በአየርላንድ ግን 12.5 በመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ የሥራ አመራሩ ከሚኒሶታ አልወጣም። ባሕር የተሻገረው በአብዛኛው ወረቀቱ ነው።

«ሕግ አልተጣሰም፤ ወጪውን የማይቀንስ ነጋዴ የለም» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ሕጉ ፈቅዷል። ዳሩ ግን ሕግ የፈቀደው ሁሉ ቅን ነው ማለት አይደለም። የመምህሩና የፋብሪካ ሠራተኛው ግብር ከደመወዛቸው ላይ ተቀንሶ ይከፈላል፤ አድራሻቸውን በወረቀት ወደ ሌላ አገር ሊያዛውሩ አይችሉም። ባለጸጋው ሸክሙን ባወረደ ቁጥር፣ ወይ እነርሱ ይጨመርባቸዋል፤ ወይም ትምህርት ቤቱና መንገዱ ይጎድላል። አበው እንዲህ ያለውን «ወጪት ሰባሪ» ይሉታል።

ሆኖም ወቀሳ ብቻውን ግብር አያስከፍልም፤ የሚያስፈልገው ሕግ ነው። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ደንቡን ባጠበቀ ጊዜ ፋይዘር መቀመጫው በአየርላንድ ከነበረው ከአለርጋን ጋር ሊዋሐድ የነበረውን ዕቅድ ወዲያው ሠረዘ። በ2021ም ከ130 የሚበልጡ አገሮች ታላላቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው ቢያንስ 15 በመቶ ግብር እንዲከፍሉ ተስማሙ። አንድ አገር ብቻውን ቢጠብቅ ኩባንያው ወደ ጎረቤት ይሸሻል፤ ሁሉም ቃላቸውን ቢያጸኑ ግን መሸሻ አይኖርም። እኔ እንደማምነው፣ የኩባንያ አገሩ ዕውቀት፣ ሠራተኛና ገበያ ያገኘበት ምድር ነው፤ ግብሩም የሚገባው ለዚያው ነው።