ለቆላ ሰርቨር የቆላ ልክ

ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን አጥፎ ማስቀመጡ የተለመደ ነው። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷልና። በሊኑክስ የሚሠሩ ሰርቨሮችን ግን በደጋም በቆላም በአንድ ዓይነት ቅንብር መትከል ይቀናናል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል።

ነገሩ ከፊዚክስ ይጀምራል። ፕሮሰሰር ትራንዚስተሮቹን ለማብራትና ለማጥፋት የሚወስደው ኃይል ከፍሪኩዌንሲውና ከቮልቴጁ ስኩዌር ብዜት ጋር አብሮ ያድጋል። ሁለቱም ወደ 80 በመቶ ቢወርዱ 0.8 × 0.8 × 0.8 = 0.512 ይሆናል። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ይህ ፍጆታ ወደ ግማሽ ይወርዳል ማለት ነው።

የሊኑክስ ከርነል ፍሪኩዌንሲውን የሚመርጠው «ገቨርነር» በሚባል ደንብ ነው። «ፐርፎርማንስ» ፕሮሰሰሩን ከተፈቀደለት ጣሪያ ላይ ያቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው «ኦንዲማንድ» እና በ2016 የተጨመረው «ስኬድዩቲል» ግን ጭነቱን አይተው ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። «ፓወርሴቭ» በስሙ ሊያሳስት ይችላል፤ በተለመደው አሠራር ፍሪኩዌንሲውን ከወለሉ ላይ ሲያስቀር፣ በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ በ«ፒስቴት» ድራይቨር ሲሠራ ግን እንደ ጭነቱ ይለዋወጣል።

«ሰርቨር የተገዛው ሊፈጥን ነው፤ ለምን ይታሰራል?» ይባል ይሆናል። መልሱ በይፋት ሙቀት ውስጥ ይገኛል። ቺፑ ሲግል ያለ ሥራ የሚያፈስሰው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ማራገቢያውም ይበረታል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያን ጊዜ የታዘዘለት ጣሪያ ከንቱ ይሆናል። መብራት ሲጠፋም እያንዳንዱ ዋት ከባትሪው ዕድሜ ደቂቃ ይቀንሳል። በ2016 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ በኮምፒውተር መፈተናቸውን የሚያስታውስ ሰው የነዚያን ደቂቃዎች ዋጋ ይረዳል።

ይህ ማለት ግን ፍጥነትን ሁልጊዜ ማነቅ አይደለም። ዝግ ያለ ሰርቨር ሥራውን ዘግይቶ ሲጨርስ ዲስኩ፣ ሜሞሪውና ማራገቢያው አብረውት ይቆያሉና ትርፉ ሊጠፋ ይችላል። ሥራ የፈታ ፕሮሰሰርም በራሱ ስለሚያንቀላፋ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመካከለኛ ጭነት ነው። ስለዚህ ከጭነቱ ጋር የሚሄደውን ገቨርነር መነሻ እናድርግ፤ ጣሪያውን ደግሞ በግንቦትና በሰኔ የቀትር ሙቀት ዋትና ዲግሪ ለክተን እንወስን።

ውድ ተማሪዎች፣ ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ዋት መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና አንድ የሥራ ቀን ነው። የለካችሁትን ለሰርቨሩ ኃላፊ አሳዩ፤ ቅንብሩን ለመለወጥ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።