ዳገት የሚጠይቀው አየር ነው

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ጀምሮ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ እስከ ሠራው ዋሻ ድረስ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ከ1,700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ያስወጣል። ከዚያ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለው የመንዝ መንገድ 3,000 ሜትርን በሚሻገር አምባ ላይ ሲዘልቅ፣ የመርሐቤቴው መንገድ ደግሞ ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ጭነት የሚያመላልስ ባለንብረት ሞተሩ ሲደክምበት ጋራዥ ገብቶ የሚጠይቀው ሞተሩ እንዲታደስለትና ጉልበት እንዲጨመርለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስም ፖምፓው ይከፈት፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚረጨው ናፍታ ይብዛ የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በደጋ አገር አስቀድሞ የሚያጥረው አየር በመሆኑ፣ ከአየሩ ያልጀመረ እድሳት ጉልበት ሳይሆን ጢስ ያተርፋል የሚል ነው።

በመጀመሪያ ዳገቱ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ማስላት ይገባል። ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 8 በመቶ ዳገት፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውጣት ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 174 ኪሎዋት ወይም 237 ያህል የፈረስ ጉልበት በጎማው ላይ ሊያገኝ ይገባዋል፤ የጎማውና የመንገዱ ሰበቃ ሲጨመርበት አኃዙ ወደ 265 ይጠጋል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ማድረስ ቢፈልግ የሚያስፈልገው 400 ያህል የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ይህም በአገራችን መንገዶች በብዛት የሚታየው ሲኖትራክ ከሚታወቅበት ከ371 የፈረስ ጉልበት ይበልጣል። በፋብሪካው ሰነድ ላይ የሠፈረው ጉልበትም ቢሆን በዝቅተኛ ቦታ አየር የተለካ እንጂ በጣርማ በር አናት ላይ የተለካ አይደለም።

የአየሩ ጉዳይ የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። የሲኖትራኩ ደብሊው ዲ 615 ሞተር ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት ሲሆን፣ የእያንዳንዳቸው የውስጥ ስፋት 126 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ ደግሞ 130 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ጠቅላላ ይዘቱ 9.7 ሊትር ይሆናል። ይህን የሚያህል ሞተር ቱርቦ ባይኖረውና በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር በየደቂቃው 9,700 ሊትር ያህል አየር ይስባል፤ ያ አየር በባሕር ወለል ላይ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን ከ9 ኪሎ ግራም በታች ይወርዳል። አንድ ኪሎ ግራም ናፍታ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል በትንሹ 14.5 ኪሎ ግራም አየር ስለሚፈልግና ያለ ጥቁር ጢስ እንዲነድ ደግሞ ከዚህም የበዛ አየር ስለሚያስፈልገው፣ አየሩ በሩብ ሲቀንስ በንጽሕና ሊቃጠል የሚችለው ናፍታም በሩብ ይቀንሳል። ከ1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የተሠራውና በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረው ፊያት 682 ቱርቦ ያልነበረው በመሆኑ፣ ደጋ በወጣ ቁጥር በአንደኛ ማርሽ የሚያዘግመው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው ቱርቦ፣ ማለትም በሚወጣው ትኩስ ጢስ ኃይል እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው መሣሪያ፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ነው። ቱርቦ በስስ አየር ውስጥ የበለጠ በመፍጠን ጉድለቱን ያካክሳል፤ ይሁን እንጂ የአየር ማጣሪያው በመንዝ አቧራ ከታፈነ፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ወይም ጎማ ቱቦው ከተሸነቆረ፣ የቱርቦው ዘንግ በብሮንዙ ላይ ከላላ፣ ማካካሱ በዚያው ይቀራል። እነዚህ ጉድለቶች በቆላው ሜዳ ሳይታወቁ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ዳገቱ ላይ ግን ወዲያው ይገለጣሉ።

የናፍታ ሞተር ነዳጁን በሻማ አያቀጣጥልም፤ አየሩን አምቆ ካጋለ በኋላ ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት ይረጭበታል። ይህን የሚሠራውን ፖምፓ ሮበርት ቦሽ በ1927 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በብዛት ማምረት የጀመረ ሲሆን፣ በቆዩት ሞተሮች ላይ የናፍታውን ልክ የሚወስነው የፖምፓው ገዥ ብሎን ታሽጎ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ብሎኑ ተፈቶ ናፍታው ሲበዛ፣ የሚያቃጥለው አየር ከሌለ ትርፉ ጥላሸት ሆኖ በጢስ ማውጫው ይወጣል፤ ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፤ የጢሱ ሙቀትም ከመጠን በላይ ይወጣል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚቀልጥ መሆኑ ሲታሰብ፣ የፒስተን አናት የሚበሳው ለምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ናፍታውን ከ1,600 ባር በሚበልጥ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ አጠራቅመው በኮምፒዩተር ትእዛዝ በሚረጩት አዳዲስ ሞተሮችም ብሎኑ በፕሮግራም ተተካ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም።

ስለዚህ የሞተር እድሳት የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት የእያንዳንዱ ሲሊንደር እመቃ፣ ማለትም አየሩን የማመቅ ችሎታው፣ ተለክቶ መመዝገብ አለበት፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ካሚቻው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር እጅጌ፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በቁመትና በአግድም ይለካል፤ ምክንያቱም ካሚቻ እኩል አይበላም፤ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ በሚመለስበት ጫፍ ይሰፋል፣ ፒስተኑ በሚገፋበት ጎንም ይሞልላል። በሞለለ ካሚቻ ላይ አዲስ ፋሻ ብቻ ቀይሮ መግጠም፣ አበው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዳሉት፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እመቃውን መልሶ ያሳጣል። በደብሊው ዲ 615 ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደር ክዳን፣ ስላለው፣ አንዱ ቴስታታ ቢሰነጠቅ ወይም ጋስኬቱ ቢቃጠል እሱን ብቻ ማውረድ ይቻላል፤ ይህ ምቾት ግን የሌሎቹ ባልቦላዎች፣ ማለትም የአየርና የጢስ መዝጊያዎች፣ በመቀመጫቸው ላይ በትክክል መግጠማቸውን ሳያረጋግጡ ለመዝጋት ሰበብ ሊሆን አይገባም። ፖምፓውና ኢንጀክተሮቹ በመለኪያ ማሽን ላይ የሚስተካከሉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የማቀዝቀዣው ክፍልም በደጋ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ውሃ በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን በቆላ ያላስቸገረውን ሞተር በጣርማ በር ላይ ያፈላዋል። ባለንብረቱ ለፒስተን ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ የክዳኑን ጎማ ካላስለወጠ አዲሱ ጋስኬት ብዙ አይቆይለትም።

ሌላው በቸልታ የሚታለፈው ጉዳይ የመጎተት ኃይል ከሞተሩ ብቻ እንደማይመጣ ነው። የዲፈረንሲያሉ ጥምርታ ከ4.8 ወደ 5.73 ቢለወጥ፣ ሞተሩ ሳይነካ በጎማው ላይ ያለው የመጎተት ኃይል በ19 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ዋጋው በሜዳ ላይ የሚታጣው ፍጥነት ነው። ለሜዳ መንገድ ኪሳራ ሊሆን የሚችለው ይህ ለውጥ፣ ሥራው በመንዝና በመርሐቤቴ ለሆነ መኪና ከተከፈተ ፖምፓ ይልቅ የሚያዋጣ ምርጫ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን የቁልቁለቱ ሒሳብ ነው። የናፍታው ሙቀት ከሲሶ ጥቂት የሚበልጠው ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለወጥ ቢታሰብ፣ 40 ቶኑን ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ለማንሳት ብቻ 50 ሊትር ገደማ ናፍታ ይነዳል፤ በዚህ የተጠራቀመው ጉልበት በመልሱ መንገድ በአብዛኛው በፍሬንና በሞተር እመቃ መዋጥ አለበት። ስስ አየር የሞተሩን የመያዝ ችሎታ ጭምር ስለሚቀንስ ሸክሙ ይበልጥ በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወድቃል። ሞተሩ የታደሰለት ባለንብረት ቀድሞ ካስጫነው በላይ ለመጫን ሲነሳ፣ የጨመረው የሚወጣበትን አቅም እንጂ የሚወርድበትን አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በእንሳሮ ሥራ በመጀመሩ፣ በሰሜን ሸዋ መንገዶች የሚመላለሰው ከባድ ጭነት ከቀድሞው እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ጋራዦች ከእድሳቱ በፊትና በኋላ የተለካውን እመቃ፣ የካሚቻውን ስፋትና የፖምፓውን ልክ በጽሑፍ ለባለንብረቱ ማስረከብ አለባቸው፤ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ሞተሩ ለታደሰ የጭነት መኪና ይህን ወረቀት ሊጠይቅ፣ ፍሬኑንም በሙሉ ጭነት ልክ ሊፈትን ይገባዋል። በደብረ ብርሃን ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ደግሞ የከፍታን ተጽዕኖ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው ቢያስተምሩ፣ በዚህ አገር ከማንም በላይ የሚያስፈልገው በደጃቸው ለሚያልፉት መኪኖች ነው። ባለንብረቱም ወረቀቱ ሳይሰጠው ክፍያውን ባይፈጽም፣ ልማዱን ለመለወጥ ከየትኛውም መመሪያ የሚፈጥነው ይኸው ነው።