ለቀበሌሽ ትምህርት ቤት «አዋጪ» ስትባዪ

እህቴ፣ ይሄ ዓይነት መልእክት ስልክሽ ላይ ገብቶ ይሆናል። የትውልድ ቀበሌሽ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ስምሽን አስገቡ። ከዚያ ጣሪያው የተገነጠለ የመማሪያ ክፍል ፎቶ መጣ፤ ወይም ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው የሚወጡበት ገደል። «አረብ ሀገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ እጃችሁን ዘርጉልን» ይላል። ከስሩ የስም ዝርዝር አለ፤ እገሊት 500 ሪያል፣ እገሊት 300 ድርሃም እያለ ይወርዳል። ያንቺ ስም ጎን ግን ገና ባዶ ነው።

አትስጪ ልንልሽ አይደለም። የተማርሽበት ክፍል ቢታደስ፣ እናትሽ ውሃ ደጇ ድረስ ቢመጣላት የማትወጂ አይደለሽም። ግን የደሞዝሽን አንድ ክፍል ስትሰጪ፣ ግንቡ ብቻ ሳይሆን ሥራውም እንዲቆም መጠየቅ ያለብሽ ነገር አለ። እሱን እንነጋገር።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ከቀዬው ወጥቶ የሠራ ሰው ለቀረው ወገኑ ማልማቱ በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። ደቦና ወንፈልን፣ እድርን ሁላችንም እናውቃለን። በ1950ዎቹ ደግሞ አዲስ አበባ ገብተው በንግድና በጉልበት ሥራ የሚኖሩ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ማኅበር አቋቁመው፣ ወደ ሀገራቸው መንገድ ማስወጣት ጀመሩ። ገንዘቡን ዝም ብለው አልላኩም። ካዋጡት መካከል ኮሚቴ መረጡ፣ ከመንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር እየተነጋገሩ ሠሩ። በ1955 የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም በ1959 እስኪታገድ ድረስ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለመንገድ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ከ1984 ጀምሮ ያለው የአማራ ልማት ማኅበር፣ ሁላችን «አልማ» የምንለው፣ የሚንቀሳቀሰው በአባላት መዋጮ ጭምር ነው።

እነዚያ የመንገድ አዋጪዎች አንድ ነገር ነበራቸው፤ አንቺ ብዙ ጊዜ የለሽም። ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ስብሰባ ላይ እነሱም ይቀመጡ ነበር። አንቺ ጅዳ ወይም ዱባይ ወይም ኩዌት፣ ሰው ቤት ውስጥ ነሽ። ከገንዘብሽ በቀር ድምፅሽ እዚያ አይደርስም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ለምን በዛ?

አንደኛ፣ ስልክ። ድሮ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ላይቭ መቶ ሰው በአንዴ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ የወረዳ በጀት። አብዛኛው የወረዳ ገንዘብ በደሞዝና በሥራ ማስኬጃ ያልቃል። ለአዲስ ክፍል፣ ለአጥር፣ ለወንበር የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ራሱ እንዲያዋጣ ይጠየቃል።

ሦስተኛ፣ ምንዛሪ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሳውዲ ሪያል ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል። ስለዚህ ያን ጊዜ 15 ሺህ ብር ገደማ የነበረው 1,000 ሪያል፣ ዶላሩ 100 ብር ሲገባ ከ26 ሺህ ብር በላይ ሆነ።

ሀገር ቤት ያለ ሰው ይሄን ሲያሰላ «እሷ ምን ጎደለባት?» ይላል። ያንቺ ደሞዝ ግን በሪያል አንድም አልጨመረም። ሲሚንቶውም፣ ብረቱም፣ ከውጭ የሚገባው የውሃ ፓምፕም ዋጋው አብሮ ወጥቷል። የዛሬ ሦስት ዓመት ተሰብስቦ ባንክ የተቀመጠ ብር ዛሬ ያንኑ ያህል ቆርቆሮ አይገዛም። ስለዚህ «ቀስ ብለን እናጠራቅም፣ ሲሞላ እንሠራለን» የሚል ኮሚቴ ካለ፣ ገንዘቡ እየተጠራቀመ ሳይሆን እያነሰ ሊሆን ይችላል። በየምዕራፉ እየገዛ የሚሠራ ኮሚቴ ይሻላል፤ ለምሳሌ በዚህ ዓመት ቆርቆሮና ሚስማር ገዝቶ አንዱን ክፍል መጨረስ።

ግንቡ ቆሞ ሥራው ለምን ይቆማል?

ትምህርት ቤት ማለት ግድግዳ ማለት አይደለም። መምህር፣ መጽሐፍ፣ ጠመኔ በየዓመቱ ያስፈልገዋል። ጤና ኬላም እንደዚሁ ነው፤ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ አሠራር በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያዎች ይመደባሉ፤ ደሞዛቸውን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ሕዝቡ ቤቱን ሠርቶ ባለሙያ ካልተመደበ፣ መድኃኒት ካልቀረበ፣ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኖ ይቀራል። የውሃ ፓምፕ ደግሞ ይሰበራል። የሚጠግነውና የጥገናው ገንዘብ ከሌለ፣ እናትሽ ወደዚያው ገደል ትመለሳለች።

ይሄን የፈታ አሠራር በሀገራችን አለ። በአማራ ክልል በመንግሥትና በፊንላንድ ድጋፍ በተሠሩ የገጠር ውሃ ሥራዎች ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ኮንትራክተር ሳይሆን ቀጥታ ወደ መንደሩ የውሃ ኮሚቴ ነበር። የሚያልፈውም በአብቁተ በኩል ነበር፤ ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው የብድርና ቁጠባ ተቋም ማለት ነው። ኮሚቴው ራሱ ያመለክታል፣ ራሱ ዕቃ ይገዛል፣ ራሱ ግንበኛ ይቀጥራል። መንደሩ በጉልበትና በድንጋይ ያግዛል። ደግሞም ቁፋሮው ሳይጀመር ተጠቃሚው ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ይቆጥባል። ጥገናውን ቀድሞ ያሰበ መንደር ፓምፑ ሲሰበር እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

የሕዳሴውን ግድብ ቦንድ ገዝተሽ ከሆነ ልዩነቱ ይገባሻል። ቦንድ ብድር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ከነወለዱ ይመለሳል። የቀበሌው መዋጮ ግን ስጦታ ስለሆነ አይመለስም። ያንቺ ትርፍ አንድ ብቻ ነው፤ የተሠራው ነገር አገልግሎት መስጠቱ። ለዚህ ነው መጠየቅ መብትሽ የሚሆነው።

ከመስጠትሽ በፊት አምስት ጥያቄ

1. ገንዘቡ በማን ስም ነው የሚገባው? በአንድ ሰው የግል አካውንት ከሆነ ቆይ በይ። በሥራው ወይም በማኅበሩ ስም የተከፈተ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣበት አካውንት ይሁን። «እሱማ ታማኝ ነው» መልስ አይደለም። ታማኝ ሰውም ይታመማል፣ ይሞታል፣ ከሀገር ይወጣል።

2. ሲያልቅ ማን ያስተዳድረዋል? የወረዳው ትምህርት ወይም ጤና ወይም ውሃ ጽሕፈት ቤት መምህር እመድባለሁ፣ በጀት እይዛለሁ ብሎ የጻፈው ደብዳቤ አለ? ፎቶውን ላኩልኝ በይ። ደብዳቤ ከሌለ ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

3. ማን መረጠው? ቀበሌው ተሰብስቦ «ከሁሉ በፊት ይሄ ይሠራልን» ብሏል ወይስ ሦስት ሰው ቡና ቤት ወስኖታል? ሴቶች ስብሰባው ላይ ነበሩ? ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፤ ቦታውን የሚያውቁትም እነሱ።

4. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? እስካሁን ስንት ገባ? ባይሞላስ ምን ይሆናል? «እስኪ የተገኘውን እናያለን» ከተባልሽ ዕቅድ የለም ማለት ነው።

5. ማኅበሩ ተመዝግቧል? በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ከሆነ ሕጉ የሚለው አለ፤ የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የመንደር ኮሚቴ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ቃለ ጉባኤና የገቢ ደረሰኝ ይኑረው።

እነዚህን ስትጠይቂ የሚቆጣ ኮሚቴ ይኖራል። ደህና ኮሚቴ ግን ይደሰታል፤ ለሌላውም የሚያሳየው ወረቀት ይሆንለታል።

ያለሽበት ሀገር ሕግ

ይሄ ክፍል በጣም አስፈላጊ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ ያስቀጣል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ፣ ያለ ፈቃድ በኢንተርኔት መዋጮ የሚጠራን ወይም የሚያስተዋውቅን ሰው በእስራት፣ ወይም ከ200 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም በሚደርስ ገንዘብ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። በሳውዲና በኩዌትም መዋጮ መሰብሰብ የሚችለው ፈቃድ ያለው አካል ነው። «ለበጎ ሥራ ነው» ማለት ከቅጣት አያድንም።

ስለዚህ፦

— «አንቺ የዱባይ ተወካይ ሁኚልን» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። የሌሎችን ገንዘብ በእጅሽ ወይም በአካውንትሽ አትሰብስቢ።

— ጥሪውን በፌስቡክሽ ወይም በቲክቶክሽ ላይ አትለጥፊ፤ ላይቭ ገብተሽም አትጥሪ።

— መስጠት ከፈለግሽ እንደ ሁልጊዜው ፈቃድ ባለው የገንዘብ መላኪያ ለቤተሰብሽ ላኪ። እናትሽ ወይም ወንድምሽ ባንክ ሄደው በሥራው አካውንት ያስገቡ፣ የባንኩን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ። ስጦታሽ በቤተሰብሽ ስም ይመዝገብ።

ያንቺም ነገ አለ

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ አሠሪዎቻቸው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው የሄዱ እህቶቻችንን ሁላችንም አይተናል። ያን ቀን የሚያተርፈው በእጅ ያለ ቁጠባ ነው፤ የስም ዝርዝሩ ላይ አንደኛ መሆን አይደለም።

ለዚህ ቅደም ተከተል ያዢ። መጀመሪያ ለትኬትና ለጥቂት ወራት የሚሆንሽን ለብቻው አስቀምጪ። ቀጥሎ የቤተሰብሽን። ከዚያ የተረፈ ካለ ለቀበሌው፤ 50 ሪያልም መዋጮ ነው። ለመዋጮ ብለሽ ከማዳምሽ ደሞዝ አስቀድመሽ አትጠይቂ፣ ከጓደኛም አትበደሪ።

የሚከብደው ይሉኝታው ነው። ስም በስብሰባ ላይ ሲነበብ «የእገሌ ልጅ አልሰጠችም» ይባላል፤ የምትሸማቀቀው እናትሽ ናት። ስለዚህ ዝም ከምትዪ፣ ቀድመሽ ለእናትሽ ደውለሽ አስረጂያት፤ ከዚያ ለኮሚቴው ጻፊ። እንዲህ ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ፦

«ሰላም ለኮሚቴው አባላት። ለቀበሌያችን ስለምትደክሙ ፈጣሪ ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። እኔም የድርሻዬን ማድረግ እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የባንክ አካውንቱ በማን ስም እንደሆነ፣ እነማን እንደሚፈርሙ፣ ጠቅላላ ወጪው ስንት እንደሆነና ወረዳው ባለሙያ እመድባለሁ ብሎ የጻፈውን ደብዳቤ ብትልኩልኝ። አቅሜ የሚፈቅደውን በቤተሰቤ በኩል አስገባለሁ። ያለሁበት ሀገር ሕግ ስለማይፈቅድ ከሌሎች መሰብሰብ አልችልም። ደግሞ ከአረብ ሀገር ከተመለሱት እህቶቻችን አንዷ ኮሚቴው ውስጥ ብትገባልን፣ እኛም በእሷ በኩል እየጠየቅን እንከታተላለን። አክባሪ እህታችሁ።»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት 500 ሪያል ስንት ቀን እንደሚያሠራ ታውቃለች፤ ደረሰኝም ስትጠይቅ አታፍርም። ግሩፑ ውስጥ ያላችሁ ልጆች በአንድ ቃል ሆናችሁ እሷን ካስገባችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትልኩት ብር ጠያቂ ይኖረዋል።