ልባችንን የሚያቆመው መጋኛ ነው?

ሐዘን ቤት ገብተው «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ኧረ ምንም አልሆነ፤ ማታ በልቶ ጠጥቶ ነው የተኛው» ይባላሉ። ከጥግ አንዱ «መጋኛ ነው» ይላል፤ ሌላው «ብርድ መትቶት ነው» ይላል። ሟቹ ስንት ዓመት ግፊቱ ሽቅብ ወጥቶ እንደኖረ የሚያውቅ የለም። ራሱም አያውቅም ነበር። ደም ግፊት ሰውየውን ምንም ሳያመው ለዓመታት አብሮት ይኖራል፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ባለሥልጣኖቻችን መድኃኒት አላቸው፦ «ስፖርት ሥሩ!» በ2011 ዓ.ም. መኪና አስቁመው፣ ቱታ ለብሰው አስፋልት ላይ ሲሮጡ በቴሌቪዥን አይተናል። መልካም ነው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን ድስቱ ውስጥስ ምን አለ?

ከ2003 ዓ.ም. የዋጋ ተመን በኋላ በነበሩት ዓመታት በየሰፈሩ ሸማቾች ማኅበር ተሰልፈን የወሰድነውን ዘይት ያስታውሳሉ? ማለዳ ሲበርድ እንደ ሞራ የሚረጋውን ፓልም! መንግሥት ነው ዋጋ ተምኖ ያከፋፈለን። ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። እሱ ሲበዛ ደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይበዛል፤ ኮሌስትሮሉም የልብን ደም ሥር እያጠበበ ይሄዳል። የአገራችን የኑግ ዘይት አብዛኛው የማይረጋ ስብ ነው። ታዲያ ድሃው ኑግ ጠልቶ ነው ፓልም የበላው? ኪሱ ነው የመረጠለት። በአንድ እጅ የሚረጋ ዘይት እያደሉ በሌላ እጅ «ልብህን ጠብቅ» ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው?

ሁሉን በመንግሥት ማላከክም አይሆንም። ጨዉን የምንጨምረው እኛው ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኛ ቤት በርበሬው ጨው አለው፣ ሽሮው ጨው አለው፤ ባልትናው ሲዘጋጅ የገባው ተረስቶ ወጡ ላይ ደግሞ በእጅ ይዘገናል። ጾም ሲገባም ቅቤና ሥጋ ትተን ወጡን በዘይት እናጥለቀልቀዋለን፤ ለፋሲካ የሁለት ወሩን ጮማ በአንድ ቀን ለማካካስ እንሽቀዳደማለን። ሲጋራውን አላነሳሁም፤ የሚያጨስ ሰው ጉዱን ያውቀዋል።

የዘይት ጀሪካን ላይ ስንት እጁ የሚረጋ ስብ እንደሆነ በአማርኛ፣ በጉልህ ይጻፍልን። ጤና ጣቢያ የሄደ አዋቂ ሁሉ፣ ጥርሱንም አሞት ይሂድ፣ ግፊቱ ሳይለካ አይመለስ። እርስዎም ጋዜጣዎን አጥፈው ሲነሡ ጎራ ብለው ይለኩ። ደቂቃ አይፈጅም። ከ140 በ90 በላይ ካሳየ ሌላ ቀን ይድገሙት፤ ያው ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ እንጂ የመጋኛ መድኃኒት አያፈላልጉ።