በባሌ መንገድ ላይ ባለ 17 ቸርኬ ምን ያደርጋል?

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ዋጋዋም ክብሯም ጨምሯል። አዲስ መግዛት ያልቻለ ያለችውን ያስውባል። ሮቤም ጎባም ይኸው ነው። ጎሚስታ ደጃፍ ቆም ብሎ ላየ ሰው፣ የሚገጠሙት ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የሚያብረቀርቅ ባለ 16 ወይም ባለ 17 ቸርኬ ነው፤ ጎማው እንደ ቀበቶ የቀጠነ። ሌላው «መኪናዋ ከፍ ትበል» ተብሎ የሚገጠም፣ ከልኩ ያለፈ ወፍራም ጎማ ነው። የመጀመሪያው ለዓይን፣ ሁለተኛው ለኮረኮንች። ሁለቱም ላይ ጥያቄ አለኝ፣ እኩል ባይሆንም።

ከቁጥሩ እንጀምር፤ በየቀኑ እያየነው የማናነበው ቁጥር ነውና። ብዙ ቪትዞች ላይ የሚገኘው 165/70 አር 14 ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 ማለት የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ ነው፣ ወደ 115 ሚሊ ሜትር። 14 ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች። አሁን ይህን አውልቀን 205/40 አር 17 እንግጠምላት። ከውጭ ስታዩት የጎማው ጠቅላላ ቁመት የተለወጠው አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የጎማው ጎን ግን ከ115 ወደ 82 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ሁለት ጣት ያህል ጎማና ንፋስ ሄዶ በብረት ተተክቷል ማለት ነው።

ያ ሁለት ጣት ትርፍ ነገር አይደለም። ከሻሸመኔ በዶዶላ በኩል ስትመጡ አስፋልቱ ላይ ያላያችሁት ጉድጓድ ውስጥ ብትገቡ፣ ምቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ይኸው የጎማ ጎን ነው። ተጨፍልቆ ይመለሳል። ሲቀጥን ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል፤ ከቸርኬው ወደ ኩሽኔታ፣ ከኩሽኔታ ወደ አሞርዛተር፣ በመጨረሻም ኋላ ወንበር ወደተቀመጡት እናታችሁ ወገብ። የፋብሪካው የብረት ቸርኬ ቢጎብጥ ጎሚስታው በመዶሻ መልሶት መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። ርካሽ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቸርኬ ንፋስ አይዝም፣ በመዶሻም አይድንም። «ይበየዳል» የሚል ካለ መጀመሪያ ልጆቹን ሳይጭን ይሞክረው።

ባለ 13 ቸርኬ መኪና ይዛችሁ የምታፍሩም ካላችሁ አትፈሩ። 155/80 አር 13 የጎኑ ከፍታ 124 ሚሊ ሜትር ነው፤ እስካሁን ከጠራኋቸው ሁሉ ይበልጣል።

«ከፍ ትበል» የሚሉትን ግን እረዳቸዋለሁ። ባሌ በገናም በቦናም የሚዘንብባት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታረስባት አገር ናት። ከሲናና እርሻ የወጣ ትራክተር ጭቃውን አስፋልት ላይ አራግፎ ይሄዳል፤ ከአስፋልት ወጣ ካላችሁ ደግሞ መረሬው አለ። የቪትዝ ሆድ መሬት ይነካል፣ ይህ ሐሜት አይደለም። ሂሳቡን ግን እዩት። 165/70ን በ185/70 አር 14 ብትለውጡ የጎማው ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። መኪናዋ ከመሬት የምትነሣው የዚያን ግማሽ ነው፣ 14 ሚሊ ሜትር። ለዚህች ከፍታ ብላችሁ ጎማውን ወደ 5 በመቶ አሳድጋችኋል፤ እያንዳንዱ ማርሽም በዚያው ልክ ረዝሟል፣ ሞተሩ የሚጎትተው ከብዷል። የፍጥነት መቁጠሪያውም 100 ሲላችሁ እናንተ ወደ 105 እየሄዳችሁ ነው።

ቆላና ሜዳ ላይ ይህ ብዙም ላይሰማችሁ ይችላል። እዚህ ግን ሮቤ ራሷ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጎባም ከ2,700 በላይ። ከጎባ ወደ ደሎ መና ስትነሡ መንገዱ ሳኔቲ ላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚያጣውም በዚያው ልክ ነው። 1,000 ሲሲዋ ቪትዝ ባሕር ዳርቻ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ሳኔቲ ላይ 45 ገደማ ብትይዝ ነው። በዚያ ላይ አምስት ሰውና ጓዝ፣ በዚያ ላይ የረዘመና የከበደ ጎማ። መውጣቱ እንኳ ይሁን። ወደ ሀረና ጫካ በሚወርደው ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ ስትወርዱ፣ ትልቁ ጎማ የሞተሩን የመያዝ አቅም ይቀንሰዋል። ሥራው በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ይግላል። ይህ መንገድ ከደሎ መና በኩል ሕመምተኛ ይዘው ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚወጡበት መንገድ መሆኑን አንርሳ፤ የሽርሽር ብቻ አይደለም።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ቸርኬው 14 ላይ ይቆይ። መጠኑ ከፋብሪካው ከሚገባው 3 በመቶ በላይ እንዳይርቅ። 165/70 ለቪትዝ በቂ ነው፤ በጣም ከፈለጋችሁ 175/70 አር 14 አለ፣ 2.4 በመቶ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ የሚሸከመውም ይበልጣል። ስትገጥሙ አምስት ሰው ጭናችሁ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዙትና ፓራፋንጎ ይነካ እንደሆነ ስሙ። ቸርኬ መለወጥ ግድ ከሆነም ቡሎኑ ስለገባ ብቻ «ልክ ነው» አትበሉ። የቪትዝ ቡሎኖች አራት ናቸው፣ ክባቸው 100 ሚሊ ሜትር፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1። ቀዳዳው ከሰፋ ቸርኬው መሃሉን አይይዝም፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ ጭነቱ ኩሽኔታውን ይበላል።

ገንዘቡም መታየት አለበት። ብር በሐምሌ 2016 ከገበያ ጋር እንዲንሳፈፍ ከተደረገ በኋላ የጎማ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማናችሁም አልነግርም። ለስፖርት ቸርኬ የሚወጣው ገንዘብ አዲስ ጎማና ጥሩ አሞርዛተር ቢገዛ ይሻላል። አዲስ ስል ጥርሱን ብቻ አይደለም። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፦ 2318 ካለ በፈረንጆች 2018፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ አለ። የዓመታዊ ቦሎ ምርመራም ጥርስ አይቶ ማለፍ የለበትም፤ በሾፌሩ በር ላይ ያለው የጎማ መጠን መግለጫና የተገጠመው ጎማ መነጻጸር አለባቸው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስኮርቱንም አትርሱ። አራቱን ቀይሮ ስኮርቱን በድሮው መጠን የሚተው ብዙ ነው። ሳኔቲ ላይ ማታ በብርድ፣ አንድ ጎማ ከሌሎቹ ያነሰ መኪና መንዳት ማንም የሚመኘው አይደለም። በዚያ አምባ ላይ ጎሚስታ አትፈልጉ።

ቀጣዩ ጥያቄ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ናቸው። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ያሉት ከፋብሪካ የሚመጡት በ19 እና በ20 ኢንች ቸርኬ ነው። በባትሪያቸው ምክንያት ክብደታቸው ሁለት ቶን ገደማና ከዚያ በላይ ስለሆነ የሚሸከም ጎማ ይፈልጋሉ፣ የተገኘው ሁሉ አይሆናቸውም። ብዙዎቹ ስኮርት እንኳ የላቸውም። አስመጪው ምርጫ ካለው በትንሹ ቸርኬ ያስመጣ። ባሌ ሊነዳት የሚገዛ ሰውም ባትሪዋ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬዳት ከመጠየቁ በፊት ሻጩን ሌላ ነገር ይጠይቀው፦ ዲንሾ ላይ ጎማዋ ቢቀደድ ምትኩ ከየት ይመጣል? በስንት ቀን?