የብዕሩ ሠሪ ማን ነው?

«ይህን ብዕር ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን እምብዛም የቆየ አይደለም። የጥንቱ ጸሐፊ መቃውን ቆርጦ፣ በቢላዋ ጠርቦና ጫፉን ሰንጥቆ ብዕሩን ለራሱ ያበጅ ስለ ነበር ሠሪውና ባለቤቱ አንድ ሰው ነበሩ። ጥያቄው የመጣው በሆዱ ቀለም የሚይዘው የፋብሪካ ብዕር፣ ማለትም ስቲሎ፣ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ነው። ዛሬ ደግሞ ስቲሎው ራሱ አርጅቶ ከሣጥን ውስጥ የሚወጣ ቅርስ ሆኗል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገኝ ሠሪውንና ዘመኑን መርምሮ ማወቅ ይገባል እላለሁ፤ ውጤቱ በቤተ ሰብ ሲነገር የኖረውን የሚያፈርስ ቢሆንም እንኳ።

መርሳ ሳስተምር አንድ ተማሪ የአያቱን ስቲሎ ይዞልኝ መጣ። ብዕሩ በወረራው ዘመን ከአንድ የጣሊያን መኮንን ኪስ የተማረከ ነው ተብሎ በቤታቸው ሲነገር ኖሯል። ልጁ ለጓደኞቹ ከማሳየቱ በፊት በአመድ ሊወለውለው አስቦ ነበር። እንኳንም አልወለወለው! በእጀታው ላይ ያለው ጽሑፍ እጅግ በስሱ የተቀረጸ በመሆኑ ጥቂት ቢታሽ ይጠፋል፤ ከጠፋም የሚመልሰው የለም።

እጀታውን ወደ ብርሃን አዘንብለን በማጉያ መነጽር ስንመለከት «ፓርከር 51» የሚል ስም፣ አሜሪካ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ቃል፣ በመጨረሻም 8 ቁጥር አገኘን። ይህ ኩባንያ ጆርጅ ፓርከር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1888 በዊስኮንሲን፣ በጄንስቪል ከተማ ያቋቋመው ነው። ሰውየው የቴሌግራፍ አስተማሪ ነበር፤ ወደ ብዕር ሥራ የገባውም የተማሪዎቹን የሚያስቸግሩ ብዕሮች ሲጠግን ነው። (የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልሁም።) ይሁን እንጂ «ፓርከር» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም፤ ኩባንያው በእንግሊዝ አገር በኒውሄቭን ከተማም ፋብሪካ ስለ ነበረው የተሠራበትን አገር አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

«51» የተባለው ዓይነት በአሜሪካ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1941፣ የጣሊያን አገዛዝ በአገራችን በተደመሰሰበት ዓመት ነው። 8 ቁጥር ደግሞ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ስለሆነ ወደ 1948 ይመራናል። የቀለም መሳቢያውም በብረት ሽፋን ውስጥ ያለ፣ በጣት እየተጫኑ የሚሞሉት ከረጢት ነው፤ ይህ ዘዴ በ«51» ላይ የገባው በዚያው በ1948 በመሆኑ ሁለቱ ማስረጃዎች ተስማሙ። እንግዲህ ብዕሩ የተሠራው ጣሊያን ከተባረረ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የተማረከ ሊሆን አይችልም።

«የሽማግሌ ክብር ለምን ይነካል? ተረቱ ማንን ጎዳ?» የሚሉ ይኖራሉ። ሐዘኔታቸውን አልንቅም፤ ግን አልስማማበትም። የልጁ ቅድመ አያት በእርግጥ ዘምተው ሊሆን ይችላል። በዘመቻቸው ላይ የማይሆን ምስክር ሲቆምላቸው ግን ነገ ብዕሩን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ምስክሩን ሲጥል ዘመቻውም አብሮ ይጠረጠራል። ሰውየውን ከሐሜት ያዳናቸው ይህ ምርመራ ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞስ ከአንድ መኮንን ኪስ ወጣ የሚለው ወሬ የብዕሩን እውነተኛ መንገድ ሸፍኖት አልኖረምን? ከጄንስቪል የተነሣ ዕቃ በማን ነጋዴ እጅ፣ በምን ዋጋ መርሳ ደረሰ? በምንስ ምክንያት ተገዛ? የምርኮው ወሬ ይህን ሁሉ ሳያስጠይቅ ኖሯል።

ልጁ ውጤቱን ለአያቱ ሲነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «አባቴ የጎረቤቱን ሁሉ የመሬትና የብድር ውል የሚጽፍበት መሆኑን ግን በዓይኔ አይቻለሁ» አሉት። ተማሪው በማግሥቱ የውል ወረቀቶችን ፍለጋ ጀመረ። የመጀመሪያውን ያገኘው በጎረቤት ቤት፣ ከጣራው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው፤ ቀለሙ ወይቦ ነበር፤ የጸሐፊው ስም ግን ከግርጌው ይነበባል።